ልብ ወለዱን ከቋሚ ንብረት መዝገብ አውጡልን፦ ለክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ከመማሪያ ክፍል ተሰብስበው በግምጃ ቤት የተቆለፉ የንባብ መጻሕፍትና ኢ-ሪደሮች (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያዎች) እንዲመለሱ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና የንብረት አስተዳደር ባለሙያዎች፣

በመሐል አዲስ አበባ ባሉ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አማርኛና እንግሊዝኛ የምናስተምር መምህራንና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ነን። ባለፈው ሰኔ፣ ዓመታዊው የንብረት ቆጠራ ከመጀመሩ በፊት ከጽሕፈት ቤታችሁ የወጣው ሰርኩላር በየመማሪያ ክፍሉ የነበሩ የንባብ መጻሕፍት ሁሉ ግምጃ ቤት ገቢ እንዲደረጉ፣ ኢ-ሪደሮቹም ከአይሲቲ ክፍል እንዳይወጡ አዘዘ። መስከረም ጠባ፣ ትምህርት ተጀመረ፣ መጻሕፍቱ ግን አልተመለሱም። በቃል ስንጠይቅ “ቆጠራው ገና አልተዘጋም” ተባልን። በጽሑፍ ስንጠይቅ መልስ አጣን። በአደባባይ መጻፋችን ለዚህ ነው።

የችግሩ ሁሉ መነሻ “ቋሚ ንብረት” የሚለው ምደባ ነው። ጠመኔ አላቂ ዕቃ ነው፤ ወረቀትም፣ መጥረጊያም እንደዚሁ። በሙጫ የተጠረዘ 96 ገጽ ያለው ቀጭን ልብ ወለድ ግን ከጄኔሬተሩና ከብረት ቁም ሳጥኑ ጎን መለያ ቁጥር ተለጥፎበት ቋሚ ሆኗል። መምህሩ ለክፍሉ 60 መጻሕፍት ሲወስድ ሞዴል 22 በተባለው የንብረት ወጪ ቅጽ ላይ ፈርሞ ነው። በዓመቱ መጨረሻ 6 ቢጎድሉበት መጀመሪያ ማብራሪያ ይጽፋል፣ ከዚያ የዋጋ ግምት ይወጣበታል፣ ከዚያ ከደመወዙ ይቆረጣል። የግምቱም ነገር የራሱ ጉድ አለው፤ ከመንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ በርካሽ የተገዛው ቅጂ ሲጠፋ በአዲስ ዋጋ ይታሰባል። ይህን የሚያውቅ መምህር ምን ያደርጋል? ይቆልፋል። እኛም ቆልፈናል፤ አንዋሽም።

አንድ ጉዳይ እንጥቀስ። በአንደኛው ትምህርት ቤት ለ9ኛ ክፍል አንድ ሴክሽን ከተሰጡት 120 መጻሕፍት 11ዱ ጎደሉ። መምህርቷ ማብራሪያ ተጠየቁ። በሳምንቱ የጎረቤት ሁለት ሴክሽን መምህራን ሳይጠየቁ የራሳቸውን የክፍል መጻሕፍት ሣጥን ጭነው ግምጃ ቤት መለሱ። በ11 መጻሕፍት ሰበብ ሦስት ክፍል ባዶ ቀረ። ከጎደሉት 11 ደግሞ 9ኙ ከመቶ ገጽ የማይበልጡ ልብ አንጠልጣይና የፍቅር ታሪኮች ነበሩ። በልገሳ የመጣውን ባለ 600 ገጽ የእንግሊዝኛ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ መጽሐፍ የነካው የለም፤ እንደተቀመጠ አለ፣ ቆጠራውንም አምሮበት ያልፋል። የጠፉ መጻሕፍት ዝርዝር ለቀጣዩ ግዢ ከየትኛውም የፍላጎት መጠይቅ የበለጠ ይናገራል። ጽሕፈት ቤቱ የተጠቀመበት ግን ለቅጣት ብቻ ነው።

ሰርኩላሩ “ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓት በቤተ መጻሕፍት ማንበብ ይችላሉ” ይላል። ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ መጻሕፍቱ ከባንኮኒው ጀርባ ናቸው፤ ተማሪው ርዕስ ጠርቶ፣ መታወቂያ አስይዞ ይቀበላል። ማንበብ የማይወድ ልጅ የሚጠራው ርዕስ የለውም። በስብሰባ ላይም “አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቅርባችሁ ነው፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም አለ” ተብለናል። እውነት ነው፣ ቅርብ ናቸው፤ ከ2014 ወዲህ አራት ኪሎ ላይ እንደ አብርሆት ያለ ቤት በመኖሩም ደስ ይለናል። እዚያ የሚሄዱት ተማሪዎቻችን ግን ቀድሞም የሚያነቡት ናቸው፤ አብዛኞቹም የራሳቸውን ደብተር ይዘው ለፈተና ሊያጠኑ ነው የሚሄዱት። እኛ የምናወራው የዚያን በር ደፍ ስለማይረግጠው ልጅ ነው።

ይህ ልጅ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ማንበብ እየቻለ አይወድም። ሌላው ቤቱ መብራትም ጥግም የለውም። ሦስተኛው 9ኛ ክፍል ደርሶም እንግሊዝኛውን ፊደል በፊደል እየለቀመ ነው የሚያነበው፤ ይህን ጓደኞቹ እንዲያውቁበት ስለማይፈልግ “ማንበብ ይደብረኛል” ይላል። ለሦስቱም የሚሠራው መጽሐፉ እሱ ያለበት ቦታ መምጣቱ ነው።

የክፍል ሣጥን ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ በዝርዝር እናስቀምጥ፤ ሰርኩላሩን ያረቀቁት ባለሙያዎች ሣጥኑን የዕቃ ማስቀመጫ አድርገው የወሰዱት ይመስለናልና። 50 ተማሪ ላለው ክፍል ከ65 እስከ 70 መጻሕፍት ያስፈልጋሉ። ቁጥሩ ከተማሪው የሚበልጠው መጨረሻ ላይ የሚመርጠውም ምርጫ እንዲኖረው ነው። ከነዚህ 50 ያህሉ የተለያዩ ርዕሶች ሲሆኑ፣ ሦስት ርዕሶች ብቻ አምስት አምስት ቅጂ ይኖራቸዋል፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ጓደኛው የያዘውን መያዝ ይፈልጋል። መጻሕፍቱ በጀርባቸው ተደርድረው ሳይሆን ሽፋናቸው ወደ ተማሪው ዞሮ ይቀመጣሉ። ከመቶ ገጽ በታች የሆነ መጽሐፍ ጀርባው ቀጭን ስለሆነ ርዕሱ አይነበብም፤ ሼልፍ ላይ ተጣብቆ የቆመ ሁሉ አንድ ይመስላል። ስለዚህ ከቺፑድ በተሠራ ጠባብ መደርደሪያ ላይ በአንድ ጊዜ 12 ሽፋን ይታያል፤ በየሁለት ሳምንቱ ይቀየራል። መዝገቡ አንድ ደብተር ነው፤ ቀን፣ የመጽሐፉ ቁጥር፣ ስም፣ የተመለሰበት ቀን። ደብተሩን ሁለት ተማሪዎች ይይዙታል። መምህሩ ከያዘው ውሰት ፍርሃት ይሆናል።

ጊዜው በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ከ40ው ደቂቃ የመጀመሪያዎቹ 12 ናቸው። መጨረሻ ላይ ሲደረግ ትምህርቱ ያልፍበትና ይቀራል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ። መምህሩም በዚያ ሰዓት የራሱን መጽሐፍ ያነባል፤ ፈተና ካረመ ተማሪው ወዲያው ያውቃል፣ እሱም የኬሚስትሪ የቤት ሥራውን ከዴስኩ ሥር ያወጣል። አሥር ገጽ አንብቦ ያልጣመው መልሶ ሌላ ይወስዳል፤ “ለምን?” ብሎ የሚጠይቅ የለም። በእንግሊዝኛ ከሆነ አንድ ገጽ ሲያነብ ለማያውቀው ቃል ሁሉ አንድ ጣት ያጥፋ፤ አምስቱ ጣት ገጹ ሳያልቅ ከታጠፈ መጽሐፉ ለዛሬ አይሆነውም። አንዳንዴ መምህሩ የአንዱን መጽሐፍ የመጀመሪያ ሦስት ገጾች ጮክ ብሎ ያነብና በሩ ሲንኳኳ ወይም ደብዳቤው ሊከፈት ሲል ያቆማል፤ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ይወጣል። ያ ቅጂ በዚያ ቀን ይወሰዳል።

ይህ ሁሉ አሁን ቆሟል።

የተሰበሰቡት መጻሕፍት ምን ላይ እንዳሉም ልትሰሙት ይገባል። በአንድ ትምህርት ቤት በማዳበሪያ ታጭቀው ክረምቱን በሲሚንቶ ወለል ላይ አሳለፉ። ሐምሌና ነሐሴ ከወለሉ የሚነሣው እርጥበት ከታች ያሉትን ማዳበሪያዎች በላ፤ ገጾቹ ተጨማደዱ፣ ሻጋታ አወጡ፣ ከግድግዳው ሥር ያሉትን ደግሞ አይጥ ጎበኛቸው። መከላከያው ውድ አልነበረም። ከወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ፣ ከግድግዳ አንድ ክንድ መራቅ፣ በማዳበሪያ ፋንታ ካርቶን፤ ይኸው ነው። የሻገተውን ፀሐይ ላይ ማስጣት ወረቀቱን ያጎብጠዋል፣ ሙጫውንም ያደርቀዋል፤ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ካደረቁ በኋላ በደረቅ ብሩሽ ከቤት ውጭ ማራገፍ ይሻላል።

ጥገናም ላይ ምደባው እግራችንን አስሮታል። አገር ውስጥ የሚታተሙት ቀጫጭን መጻሕፍት አብዛኞቹ ሳይሰፉ በሙጫ ብቻ የተያዙ ስለሆኑ ጥቂት እጅ ከዞሩ በኋላ መሐላቸው ይገነጠላል። በስኮች ማጣበቅ ለጥቂት ወር ነው፤ ስኮቹ ቢጫ ሆኖ ይለቃል፣ ወረቀቱንም ይዞ ይነሣል። ትክክለኛው መንገድ መጽሐፉ እንደመጣ፣ ሳይገነጠል፣ ከጀርባው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ አምስት ቀዳዳ በስቶ፣ በወፍራም ክር ሄዶ መመለስ፣ ጀርባው ላይ የአናጢ ነጭ ኮላ ቀብቶ ቀጭን ጨርቅ መለጠፍ፣ ሌሊቱን ከባድ ነገር ጭኖበት ማሳደር ነው። የተማሪዎች ክበብ ይህን በቀላሉ ይሠራዋል። ነገር ግን ቋሚ ንብረትን ያለ ፈቃድ መቅደድም መስፋትም አይቻልም ተባልን። ስለዚህ ገጹ የተገነጠለው መጽሐፍ የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ይጠብቃል። ኮሚቴው መቼ እንደሚሰበሰብ እናንተ ታውቃላችሁ።

ወደ ኢ-ሪደሮቹ እንምጣ። ለአንድ ትምህርት ቤት በልገሳ የመጡ 30 ባለ 6 ኢንች መሣሪያዎች ሰኔ መጨረሻ ላይ ተቆልፈው መስከረም ላይ ሲከፈቱ 9ኙ አልነሡም። ጽሕፈት ቤቱ “በአያያዝ ጉድለት የተበላሹ” ብሎ መዘገባቸው። የሆነው ይህ ነው። መሣሪያዎቹ ሲሰበሰቡ ቻርጃቸው ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር፤ ዋይፋያቸውም አልጠፋም። ሊቲየም ባትሪ ባዶ ሆኖ ለወራት ሲቆም ቮልቴጁ ከሚፈቀደው በታች ይወርድና የውስጥ መቆጣጠሪያው ቻርጅ መቀበል ይተዋል። ከ9ኙ 5ቱ ከኮምፒዩተር ዩኤስቢ ተነቅለው በግድግዳ ቻርጀር ሌሊቱን ሲያድሩ ተመለሱ። ለክረምት ሲቀመጡ ግማሽ ያህል ተሞልተው፣ ዋይፋዩ ተዘግቶ፣ ስክሪኑን ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን ራሱን አጥፍቶ ማኖር ይበቃ ነበር፤ ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ከፍቶ ማየት ደግሞ የበለጠ ዋስትና ነው። ሰርኩላሩ ስለ ቁልፍ ሦስት አንቀጽ ሲኖረው ስለ ባትሪ አንድ ቃል የለውም።

በውስጣቸው ያለውም ነገር ሌላ ጣጣ ነው። ተማሪው መሣሪያውን ሲከፍት የሚያየው ዝርዝር “ስካን 1፣ ስካን 2፣ ዶክ 4” ይላል። አንዱን ይከፍታል፤ ሙሉ የመጽሐፍ ገጽ ፎቶ 6 ኢንች ላይ ተጨምቆ ፊደሉ የጉንዳን እግር አክሏል፤ ቢያሰፋው መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣና በየመስመሩ ግራ ቀኝ መግፋት አለበት። ሌላውን ይከፍታል፤ ከላይ እስከ ታች ባዶ ሣጥን ሣጥን ነው፣ ፎንት የለውምና። ሦስተኛው የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ልጁ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይዘጋዋል፤ መዝገባችሁ ላይ ግን “30 ኢ-ሪደር፣ 400 መጽሐፍ የተጫነ” ይላል።

ሦስቱም መፍትሔ አላቸው። ፎቶው ለዚህ ስክሪን አይሆንም፤ ጽሑፉ ራሱ ተተይቦ ኢፐብ በሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል ዓይነት መዘጋጀት አለበት። ባዶ ሣጥን የሚመጣው የግዕዝ ፊደል ፎንት ፋይሉ ውስጥ ባለመኖሩ ነው፤ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛሉ፣ ካሊበር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ኢፐቡ ውስጥ ይከተታሉ፣ ኢፐብ በቀጥታ ለማይከፍት መሣሪያም በዚያው ይቀየራል። ዝብርቅርቁ ደግሞ በድሮ የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተተየበ ፋይል ምልክት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል የኮምፒዩተር ፊደላት ዓለም አቀፍ መለያ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ በልማድም ከዚያ በኋላ ለዓመታት የተተየበው ሳይለወጥ አይነበብም። ሁለት ጥቃቅን ነገር እንጨምር። የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ ግራና ቀኙ እኩል ሲደረግ በጠባብ ስክሪን ላይ በቃላት መካከል ገደል ይፈጠራል፤ ግራውን ብቻ ማስተካከል ይሻላል። የፋይሉ ርዕስና ደራሲም በአማርኛ ፊደል ይጻፍ፤ ተማሪው የሚመርጠው ከዚያ ዝርዝር ነው።

ከቴሌግራም የወረደ ስካን መጫን የጥራት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ትምህርት ቤት ተማሪውን “አትኮርጅ” እያለ የተሰረቀ መጽሐፍ ሊያድለው አይገባም። በነፃ ፈቃድ የሚገኙት የአማርኛ ተረቶች ደግሞ ብዙዎቹ ለሕፃናት የተዘጋጁ ናቸው፤ የ16 ዓመት ልጅ ስለ ጥንቸል የተጻፈ ባለ 12 ገጽ ታሪክ ሲሰጡት እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። በእንግሊዝኛም መብታቸው ያለፈ የመቶ ዓመት ልብ ወለዶችን መጫን ቀላል ነው፤ የሚያነባቸው የለም። በቃላት ብዛት ደረጃ የወጣላቸው አጫጭር መጻሕፍት ይሻላሉ፤ እነዚህ ግን በገንዘብ ነው የሚገኙት።

ታዲያ ኢ-ሪደር ምን ይጠቅማል? ለዚያ ፊደል ለቃሚ ልጅ ከወረቀት የሚበልጥበት ነገር አለው። ፊደሉን ያሰፋል፤ ገጹ ላይ ያለው ቃል ያንሳል፤ ገጽ ቶሎ ቶሎ ይገለበጣል። የማያውቀው የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ ፍቺው ይመጣል። ከሁሉም በላይ ሽፋን የለውም፤ ምን ያህል ቀላል መጽሐፍ እንደያዘ አጠገቡ የተቀመጠው አያውቅም። ይህ ጥቅም ግን መሣሪያው ከልጁ ጋር ሲሄድ ነው። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ቤተሰቦቻቸው ከፒያሳ አካባቢ ተነሥተው ወደ ከተማው ዳር የሄዱ፣ ትምህርት ቤታቸውን ግን ያልለቀቁ ልጆች አሉን። ጠዋትና ማታ አውቶቡስ ውስጥ የሚያጠፉት ጊዜ እኛ በሳምንት ከምንሰጠው የንባብ ሰዓት ይበልጣል። ዋይፋዩ ከተዘጋ ያለ መብራት ሳምንታት የሚቆይን መሣሪያ ከዴስክቶፖቹ ጎን በአይሲቲ ክፍል ማሰር ምን የሚሉት ጥበቃ ነው?

“ይሰበራል” ለሚለው ስጋት፣ አዎ፣ ይሰበራል። ወርልድሪደር የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በጋና ለተማሪዎች ኢ-ሪደር ሲሰጥ ትልቁ ችግር የስክሪን መሰበር ነበር። የዚህ ስክሪን ጉዳት ብዙ ጊዜ ከመውደቅ ይልቅ ከመጨፍለቅ ይመጣል፤ ከላዩ ምንም ሳይታይ በውስጥ ያለው ስስ ብርጭቆ ይሰነጠቅና ምስሉ በመስመር ይቆረጣል። ደብተር በታጨቀ ቦርሳ ውስጥ ሰው ሲደገፈው ይበቃዋል። ስለዚህ ፊቱን የሚሸፍን ጠንካራ ክዳን ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይገዛ፤ ለስላሳው የጨርቅ ከረጢት ከጭረት እንጂ ከጭፍለቃ አያድንም። ቁጥሩንም በወረቀት ከመለጠፍ በጥፍር ቀለም ጀርባው ላይ መጻፍ ይሻላል፤ ወረቀቱ በሳምንት ይላጣል።

በመጨረሻ ስለ ቅጹ። በየወሩ እያንዳንዱ ተማሪ ያነበበውን መጽሐፍ በሁለት ገጽ አጠቃሎ እንዲያቀርብና ቁጥሩ እንዲላክ አዝዛችኋል። የሚመጣልን ከጀርባ ሽፋን የተገለበጠ ጽሑፍ ነው፤ አንዱ የጻፈውን አሥሩ ይቀዱታል፣ እኛም እያወቅን እንቆጥራለን። የንባብ ሳምንቱም ባነር፣ ቲሸርትና የጥያቄና መልስ ውድድር አለው፤ የሚያሸንፉት ድሮም የሚያነቡት ልጆች ናቸው፣ መጽሐፍ ግን አልተገዛበትም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

በመማሪያ ክፍል የሚቀመጡ የንባብ መጻሕፍት ከቋሚ ንብረት መዝገብ ወጥተው በአላቂ ዕቃነት ይያዙ። ይህ ከሥልጣናችሁ በላይ ከሆነ ለሚመለከተው አካል በደብዳቤ አቅርቡልን፤ እስከዚያው በዓመት ከመቶ መጽሐፍ እስከ 15 ቢጎድል ወይም ቢያረጅ በደብተሩ ተመዝግቦ ያለ ማብራሪያና ያለ ቅጣት እንዲታለፍ መመሪያ ይውጣ። አሁን በማብራሪያ ላይ ያሉ መምህራን ጉዳይም በዚሁ ይዘጋ።

በግምጃ ቤት ያሉት መጻሕፍት ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መጀመሪያ በፊት ወደየክፍላቸው ይመለሱ። የተጎዱትን የመጠገን ፈቃድ ለትምህርት ቤቱ ይሰጥ።

ኢ-ሪደሮቹ በወላጅ ፊርማ ለሁለት ሁለት ሳምንት ወደ ቤት ይሂዱ። ለእያንዳንዱ ጠንካራ ክዳን ይገዛ። ቻርጁን፣ ፋይሉንና የክረምቱን አቀማመጥ የሚከታተል አንድ ሠራተኛ በየትምህርት ቤቱ ይመደብ፤ መምህር ከሆነ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይቀነስለት። ያለ ፈቃድ የተጫኑት ስካኖች ተሰርዘው፣ ጽሕፈት ቤቱ ከአሳታሚዎችና ከኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር ጋር ተነጋግሮ ለወጣቶች የሚሆኑ አጫጭር ሥራዎችን በክፍያ በኢፐብ ያግኝልን። በ20 መጽሐፍ ብንጀምር ከ400 ስካን ይሻለናል።

ወርኃዊው የሁለት ገጽ ማጠቃለያ ይቅር። ማስረጃ የግድ ካስፈለገ የውሰት ደብተሩን ኑና እዩ። የዘንድሮው የንባብ ሳምንት የባነርና የቲሸርት ወጪም ለመጽሐፍ ግዢ ይዋል፤ የግዢውን ዝርዝር በጠፉት ርዕሶች መነሻነት እኛ እናዘጋጃለን።

ምላሻችሁን በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር

በክፍለ ከተማው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች
የአማርኛና የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራንና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለየትምህርት ቤቶቹ ርዕሳነ መምህራን
ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት
ለንብረት ክፍል